ሕፃኑን የሚረከብ ባለ ጭስ

አገሩ ከሰባት ተራራ ወዲያ ነው ብዬ አላርቅባችሁም፤ ከአንድ ጉብታ ወዲህም ሊሆን ይችላል። ስሙን ግን አልናገርም። ብናገር የዚያ አገር ሰው «እኛን ነካች» ብሎ ይቀየማል፤ የሌላው አገር ሰው ደግሞ «እኛን አይደለም» ብሎ እፎይ ይላል። መቀየሙም እፎይታውም ለማንም አይበጅም።

በዚያ አገር የሰው ክብር የሚለካው ከጣሪያው በሚወጣው ጭስ ነበር። በልብስ አይደለም፣ በከብት አይደለም፣ በአጥንት አይደለም፤ በጭስ ነው። አንድ ምድጃ ያለው ባለ አንድ ጭስ ይባላል፤ ሦስት ያለው ባለ ሦስት ጭስ፣ ሰባት ያለው ባለ ሰባት ጭስ። ከሰባት በላይ ያላቸው ንጉሡ ብቻ ናቸው። የእሳቸውን መቁጠር ነውር ነው። ቢቆጥሩትም አይቻልም፤ ቤተ መንግሥቱ በገዛ ጭሱ ውስጥ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዐዋጅ ሲወጣ ሕዝቡ ፊቱን የሚያዞረው ሳል ወደ ሰማበት አቅጣጫ ነው።

እንጨቱም ማንኛውም እንጨት አይደለም። ደረቅ እንጨት የድሃ ነው፤ ይነዳል፣ ያበስላል፣ ያልቃል። የተከበረ ሰው የሚያነደው እርጥብ ነው። እርጥብ እንጨት ወጥ አያበስልም፤ ጭሱ ግን እንደ ምሰሶ ይቆማል። ስለዚህ ትልቅ ሰው ቤት የተጠራ እንግዳ ጥሬ በልቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ እያሳለ «እንዴት ያለ ክብር ነው» እያለ ይወጣል። ሳል የጨዋነት ምልክት ነበር። ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ የልጅቷ አባት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለመሆኑ ልጁ ያስላል?» ብሎ ነው። የማያስል ድሃ ለልጁ ሠርግ ሳል ይለማመዳል።

ባለ ብዙ ጭስ ከቤቱ ሲወጣ ደግሞ ክብሩ ቤት የቀረ እንዳይመስል የራስ እሳት የሚባል ነገር አለው። በማንደጃ የሚያዝ እሳት ነው። አሽከሩ ማንደጃውን ተሸክሞ ከፊት ይሄዳል፤ ጌታው ጭሱን በፊቱ እየተቀበለ ይከተላል። ይህ እሳት በዓመት አንድ ቀን፣ በእሳት ማውጫ በዓል፣ ከቤተ መንግሥት ይታደላል። በመሐል ከጠፋ ከጎረቤት አይጫርም፤ ከገዛ ምድጃ እንኳ አይለኮስም። የጠፋበት ሰው እስከሚመጣው በዓል ድረስ ምስክር አይሆንም፣ ጉባኤ አይቀመጥም፤ እጅ የሚነሱትም እንደ ባለ አንድ ጭስ ነው። ታዲያ ባለ ብዙ ጭሶች ሲድሩም ሲቀብሩም ዓይናቸውን ከማንደጃቸው አይነቅሉም።

እርጥብ እንጨት የሚገኘው ከቆመ ዛፍ ነው፤ ይህን እኔ አልነግራችሁም። ተራራው ተገፈፈ። ደመናም የሚያርፍበት ሲያጣ መንገዱን ለወጠ። መጀመሪያ በልጉ ቀረ፤ ቀጥሎ ክረምቱ አጠረ፤ ከዚያ ወንዙ የድንጋይ መንገድ ሆነ። የቀረው አንድ ምንጭ፣ በምንጩም ራስ ላይ ያለች አንዲት ደን ነበረች። ደኗን የእናት ጥላ ይሏታል።

ሊቃውንቱ ስለ ዝናቡ ጉባኤ ተቀመጡ። ሰባት ቀን ሳሉ። በስምንተኛው ቀን አንደኛው ተነሥተው፣ «ደመና ምንድን ነው? ወደ ላይ የወጣ ነጭ ነገር ነው። ጭስስ ምንድን ነው? ወደ ላይ የወጣ ነጭ ነገር ነው። እንግዲያው ዝናብ የጠፋው ጭስ ስላነሰ ነው» አሉ። ጉባኤው አደነቀ። ንጉሡም ከጭሱ ውስጥ «መልካም» አሉ። ዐዋጅ ወጣ፦ ደመና እንዲወለድ የእናት ጥላ በአንድ ቀን ትቃጠላለች፤ ቀኑም የታላቁ ጭስ ቀን ይባላል። የሕዝብ ዛፍ የሚለኮሰው ደግሞ ሦስት ባለ ብዙ ጭሶች ከራስ እሳታቸው ባዋጡት ፍም ነውና ሦስት ሰዎች ተሰየሙ።

ትልልቆቹ ዐዋጁን ሰምተው ሳሉ፤ ማለት ተስማሙ። ያልተስማሙት ልጆቹ ናቸው።

በዚያ አገር ልጅ ማለት የራሱ ምድጃ የሌለው ነው። ጭስ የሌለው ደግሞ ቃል የለውም። አትጠገብ የምትባል የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እኩዮቿን አስከትላ የሰውን ጭስ ወደሚቆጥሩት፣ የራሳቸው ግን ወደማይቆጠርላቸው ወደ ጭስ ዳኛው ወደ ልሳነወርቅ ሄደች። ዳኛው ሕጉን አገላብጠው፣ «ልጅ በአደባባይ መናገር ክልክል ነው፤ ሲጠየቅ መመለስ ግን ጨዋነት ነው። በሹም ፊት መቆምም ክልክል ነው» አሏት። ልጅቷ ከተከለከለው መሐል የተረሳውን ፈለገች። መቀመጥ ተረስቷል። ስለዚህ ልጆቹ ወደ ደኗ በሚያስገባው መንገድ ላይ ሊቀመጡ ወሰኑ፤ እያንዳንዳቸውም ከምንጩ የቀዱትን አንድ አንድ ቅል ውሃ ከፊታቸው ሊያኖሩ ተስማሙ። ሌላ ምንም የለም። ቅሉ ራሱ ይናገራል ብለው ነው።

ዳኛው አልከለከሉም። እንዲያውም ደስ አላቸው፤ ሥነ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው። በመንገዱ ዳር ዳስ አስጣሉ። በዳሱ መግቢያ ላይ «የልጆች ደጋፊዎች» ተብሎ ተጻፈ። መርሐ ግብርም ወጣ፦ ጠዋት ድጋፍ፣ ቀትር ላይ ቃጠሎ። ለድጋፉም ለቃጠሎውም የተጠሩት እነዚያው ሦስት ሰዎች ናቸው። ሁለት ጊዜ ከመመላለስ ይሻላል ተባለ።

በቀኑ ሦስቱም በየማንደጃቸው ጭስ ተከበው መጡ። ባለ ሰባት ጭሱ ጌታው ወንድይራድ ከሁሉ ቀድመው ተናገሩ። «ልጆቼ፣ ኮርቼባችኋለሁ። ነገ የእናንተ ነው» አሉ። ዛሬ የማን እንደሆነ አልነገሯቸውም። ባለ አምስት ጭሷ ወይዘሮ ጠጂቱ አለቀሱ፤ ብዙ ሰውም በእንባቸው ልቡ ተነካ። ነፋስ ጭሱን ወደ ዓይናቸው እንደመለሰው ያየው ማንደጃ ተሸካሚያቸው ብቻ ነው። ባለ ሦስት ጭሱ መምህር ገላጋይ ደግሞ ልጆቹን እየዞሩ አስተካከሉ።

«አቀማመጣችሁ ልክ አይደለም» አሉ። «በእኛ ጊዜ ስንቀመጥ ጉልበት ወደ ምሥራቅ ነበር።»

«በእናንተ ጊዜ ለምን ነበር የተቀመጣችሁት፣ መምህር?» አለ ከልጆቹ አንዱ፤ ተጠይቄያለሁ ብሎ ነው።

መምህር ገላጋይ ትንሽ አሰቡ። «ደክሞን» አሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፈንታነሽ የምትባል ሴት በመንገዱ መጣች። ዕድሜዋ ሃያ ሁለት ነው። አትጠገብ የባሏ እኅት ናት። ባሏ ውሃ ወዳለበት አገር ሥራ ፍለጋ ሄዷል፤ የቀራት አንዲት ምድጃና ይበልጣል የተባለ የዐሥር ወር ልጅ ነው። ትምህርቷን ያቋረጠችው ፊደል ቆጥራ፣ ንባብ ሲጣፍጣት ነው፤ ለጋብቻ ተፈልጋ። ሰው ፊት የምትናገር ሴት አይደለችም። የመጣችውም ለአትጠገብ ቆሎ ልታቀብል ነው፤ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

ቆሎውን ሰጠች። ቅሎቹን አየች። በእያንዳንዱ ቅል ውስጥ ያለው ውሃ ከእፍኝ አይበልጥም፤ ምንጩ ያንን ብቻ ነበር የሰጠው። በአንቀልባ ያዘለችው ልጅ ውሃውን አይቶ እጁን ዘረጋ። እሷም ሌላ ቦታ ያጣች ይመስል ከልጆቹ መሐል ቁጭ አለች።

ዳኛው ከዳሱ ወጡ።

«አንቺ ሴት፣ ቦታሽ እዚያ ነው። ለዐዋቂ ደጋፊ ዳስ ተጥሏል።»

«እዚያ ጭስ አለ፣ ጌታዬ። ልጁን ያስለዋል።»

«ቢያስለውስ? ያድግበታል።»

«ሳያስለው ቢያድግ ብዬ ነው።»

ልጆቹ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ዳኛው ፊታቸው ተለወጠ። «ከልጆች ጋር የተቀመጠ ዐዋቂ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ? ዳሱ ውስጥ ብትቀመጪ ደግፈሻል ይባላል፤ እንመዘግብሻለን፤ ትመሰገኛለሽ። እዚህ ከተቀመጥሽ ግን ልጅ ነሽ። ልጅ ደግሞ ልጅ አያሳድግም። ያዘልሽው ይወሰዳል።»

ፈንታነሽ ይህን ሕግ አታውቅም ነበር። እጇ ወደ አንቀልባው ማሰሪያ ሄደ። ጉልበቷ ሊነሣ ፈለገ፤ ይህን አልደብቃችሁም።

አትጠገብ በሹክሹክታ፣ «እትዬ፣ ተነሺ። አንቺ ጡት የምታጠቢ ነሽ፤ እኛ እንበቃለን» አለቻት።

«ተነሥቼ የት ልሂድ?»

«ቤትሽ ነዋ።»

«ቀትር ላይ ደኗ ትነዳለች። ከዚያ ምንጩ ይደርቃል። ከዚያ ምን ጠጥቼ ነው የማጠባው?» አለች ፈንታነሽ። «ብነሣም ይወሰድብኛል፤ ብቀመጥም ይወሰድብኛል። ቁጭ ብዬ ይወሰድ።»

ይህን ያለችው የአንቀልባውን ማሰሪያ እያጠበቀች ነበር። ዳኛው ግን የሰሙት ቃሉን ነው። የሕጉን መጽሐፍ አስመጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያ አገር ሕግ ማንበብ የጀመረ ዳኛ አንቀጹን እስከ መጨረሻው ነጥብ ሳያደርስ አያቆምም። ካቆመ ፍርዱ ይፈርሳል፤ እሱም ከወንበሩ ይነሣል። ሕግ እንደ ጸሎት ነው፤ በመሐል አይቆረጥም ይላሉ። ስለዚህ ብልህ ዳኛ ሁልጊዜ የሚያነበውን አስቀድሞ ያያል። ልሳነወርቅ ግን ተቆጥተዋል፤ የተቆጣ ሰው ደግሞ መጨረሻውን አያይም።

«ከልጆች ጋር የተቀመጠ ዐዋቂ ልጅ ነው» ብለው አነበቡ። በዳሱ ያሉት ሦስቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጅ ልጅ አያሳድግም።» ነቀነቁ። «ሕፃኑ በቅርብ ለሚገኝ ባለ ብዙ ጭስ ይሰጣል።» አሁንም ነቀነቁ፤ ጌታው ወንድይራድ እንዲያውም «ትክክል ነው» አሉ።

ዳኛው ገጹን ገለጡ። ዓይናቸው ከአፋቸው ቀድሞ አየና ሳል ያዛቸው። ሳሉ፣ ሳሉ፤ ሳል ሕግ አይጨርስም። በመጨረሻ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ተረካቢውም ምድጃዎቹን ከሕፃኑ ጋር እኩል ይካፈላል፤ ያለ አሳዳጊ የቀረ ሕፃን ባለ ጭስ ይሆን ዘንድ» ብለው ነጥቡ ላይ ደረሱ።

ድሮ፣ ጭስ ማዕረግ ሳይሆን ማታ የሚበስል ራት ምልክት በነበረ ጊዜ፣ ደግ ንጉሥ ነበሩና ለሙት ልጅ ብለው የደነገጉት ነው። ማንም አንብቦት አያውቅም። ዳሱ ውስጥ የማንደጃ ፍም ሲንጣጣ ተሰማ።

ዳኛው ሕፃኑን ከፈንታነሽ ጀርባ ፈቱት። እሷ አልታገለችም፤ አንቀልባውን ብቻ አልለቅም አለች። ልጁን ተሸክመው ወደ ዳሱ ሄዱ። ይበልጣል ማልቀስ ጀመረ። ልቅሶው ቀጭን አይደለም፤ ስሙን የሚመጥን ነው።

«ማነው የሚቀርበው?» አሉ ዳኛው።

ጌታው ወንድይራድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። «ወይዘሮ ጠጂቱ ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ ከፊቴ ናቸው።»

«እኔ?» አሉ ወይዘሮ ጠጂቱ። «እኔ ለልጆች በልቤ ነው የምቀርበው። በእግር ሩቅ ነኝ። መምህር ይሻላሉ፤ የሰው ልጅ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው።»

«አስተምሬ ወደ እናቱ ነው የምመልሰው» አሉ መምህር ገላጋይ። «ደግሞ ሦስት ጭስ ለሁለት እንዴት ይከፈላል? አንድ ምድጃ ለሁለት ልንሰነጥቅ ነው? ሰባቱ ይቀላል።»

«ሰባትም ለሁለት አይከፈልም» አሉ ጌታው ወንድይራድ በፍጥነት።

«ሦስት ተኩል ይሆናል፣ ጌታዬ» አሉ መምህሩ። «ስሌት ነው።»

ባለ ሦስት ተኩል ጭስ። ጌታው ወንድይራድ ይህን ማዕረግ በጆሯቸው ሲሰሙ ሌላ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ዳኛው ልጁን እንደ ትኩስ ድስት ከሰውነታቸው አርቀው ይዘው እየቀረቡ ነው። ጌታው ግራና ቀኝ አዩ። እሳት ማውጫ በዓል ሊደርስ ሰባት ወር ቀርቶታል። ሰባት ወር ዝቅ ብሎ መሰንበትና ዕድሜ ልክ በግማሽ መኖር፤ ሚዛኑ አልከበዳቸውም። ከዳሱ ወጥተው ወደ አትጠገብ ሮጡ። የዚያን ያህል የተከበረ ሰው ሲሮጥ አገሩ አይቶ አያውቅም።

«ልጄ፣ ውሃሽን አውሺኝ።»

አትጠገብ ቅሏን አነሣች። «ከጠዋት ጀምሮ ከተናገሩት ሁሉ ይኼ ይሻላል፣ አባባ» ብላ ሰጠቻቸው።

እፍኙን ውሃ በራስ እሳታቸው ላይ አፈሰሱት። ማንደጃው ጮኸ፣ ነጭ እንፋሎት አወጣ፣ ጠፋ። «ጭስ የለኝም» አሉ ባለ ሰባት ጭሱ፤ እጃቸውን ዘርግተው ለዳኛው አሳዩ። «እዩት። እንደ ልጅ ነኝ።»

ወይዘሮ ጠጂቱ ማንደጃቸውን ያጠፉበትን ቅል ከየትኛው ልጅ እንደነጠቁ አላወቁም። መምህር ገላጋይ ውሃ አልቀናቸውም፤ አፈር በሁለት እጃቸው እየዛቁ ማንደጃቸውን ቀበሩት። ዳኛው ወደ መንደሩ ሌላ ባለ ብዙ ጭስ እንዲፈለግ መልእክተኛ ላኩ። ወሬው ግን ከመልእክተኛው ይፈጥናል። «ሕፃን እያደሉ ነው» የሚለው በየደጁ ሲደርስ ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ድንገት ታመሙ፤ በር ተዘጋ፤ አንዳንዱም ምድጃውን አዳፍኖ የራስ እሳቱን ለጥንቃቄ እዚያው ጓዳው አጠፋ።

ቀትር ደረሰ። ደኗ መንዳት አለባት፤ ሦስት ባለ ብዙ ጭሶች ፍም ማዋጣት አለባቸው፤ ፍም የለም። ዳኛው ሕጉን አንድ ጊዜ ገለጡ፤ ማንበብ ግን አልደፈሩም። ይበልጣል ይህን ጊዜ መርጦ ካባቸውን አረጠበው።

«ተረካቢ እስኪገኝ» አሉ ዳኛው ወደ ፈንታነሽ መጥተው፣ «በአደራ ያዢው። ልጅ ነሽ፤ ግን ያዢው።»

ፈንታነሽ ልጇን ተቀበለች። እዚያው ቁጭ ብላ ጡቷን አወጣችለት። ማንንም አላመሰገነችም።

ያን ቀን ከዳሱም ከመንደሩም ጭሱ ሳሳ። ነፋስ ነፈሰና የቀረውን ወሰደው። ጌታው ወንድይራድ ዓይናቸውን እያሹ ወደ ሰሜን ተመለከቱ፤ ከተወለዱ ጀምሮ ጭስ ያልጋረደው ነገር አይተው አያውቁም።

«ያ ራሰ በራው ነገር ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ተጠይቃለችና አትጠገብ መለሰች። «ተራራው ነው፣ አባባ። እርስዎ ቤት ገብቶ ነው እንዲህ የሆነው።»

ጌታው ለመሳል ሞከሩ፤ አልመጣላቸውም።

የታላቁ ጭስ ቀን ከእሳት ማውጫ በዓል በኋላ ባለው ሳምንት ይሁን ተብሎ ተላለፈ። ሦስቱ ሰዎች ደግሞ ወር ሳይሞላ፣ ስለ ልጆቹ ብለን የራስ እሳታችንን በገዛ እጃችን አጠፋን ማለት ጀመሩ። ሰውም አመናቸው፤ ሲያጠፉ አይቷላ። «የልጆች ወዳጆች» የሚል የድንጋይ ሐውልት በእናት ጥላ መግቢያ ላይ ቆመላቸው። ድንጋዩን ለማስገቢያ መንገድ አራት ዛፍ ተቆረጠ። ልጆቹ ይህን የሰሙት ዛፎቹ ከወደቁ በኋላ ነው፤ ለምረቃው አልተጠሩም ነበር።

ፈንታነሽ እስካሁን በመዝገብ ላይ ልጅ ናት። ወደ ጉባኤ አትጠራም፤ እሷም አልከፋትም፤ ድሮም ተጠርታ አታውቅምና። ይበልጣል ቆሞ መሄድ ጀምሯል። ተረካቢውን እስካሁን የጠየቀ የለም። ባለ ብዙ ጭሶች በመንገድ ሲያገኙት ሌላ አቅጣጫ ይመርጣሉ።

እሳት ማውጫ እየቀረበ ነው። ሦስት ሌሎች ባለ ብዙ ጭሶች ተሰይመዋል፤ ማንደጃቸው ተወልውሏል፤ ዳሱም እየተጣለ ነው፤ ጽሑፉ አልተለወጠም። አትጠገብና ጓደኞቿ ቅላቸውን አዘጋጅተዋል። ይህን ጊዜ ግን ምንጭ ዳር የሚገናኙት ሴቶችም ተነጋግረዋል፤ ቀኑ ሲደርስ እያንዳንዷ ልጅ አዝላ መጥታ ከልጆቹ መሐል ትቀመጣለች። ሕፃን የሌላት ከጎረቤት ትዋሳለች። ከወዲሁ መዋዋስ ተጀምሯል አሉ።

የሚያለቅሱት ሕፃናት ቀድመው በውሰት ተይዘዋል።